የዘለልኩት ቃል

ካፔለ አን ደን አይሰል፣ ሮተርዳም አጠገብ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ከሩቅ ሆኜም በየቀኑ ለምጠራሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ዛሬም ዳገቱ ላይ አረፍ ትያለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ሽቅብ ትገሰግሻለሽ? ለመስቀል የላክሁልሽ የሱፍ ካልሲ ደረሰሽ ወይስ መንገድ ላይ የሌላ ሰው እግር እያሞቀ ነው? እኔ በጸሎትሽ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው የሆላንድ ብርድ ምኑም አይደል፤ የሚያስመርረው ነፋሱ ነው። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጃንጥላ ሰብሮብኛል፤ አራተኛ አልገዛለትም ብዬ በኮፍያ እሄዳለሁ።

የእትዬ ወለተሥላሴን ጉልበት ሳሚልኝ። ዛሬ ስለ እሳቸውም አነሣለሁ።

ይህን የምታነብልሽ የትነበርሽ መሆኗን አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው አንብቦልሽ አያውቅም። ለእሷም፣ ለባለቤቷ ለግርማም፣ ለልጆቻቸውም ሰላምታዬ ይድረስ። የትነበርሽ፣ የዛሬው ረጅም ነው፤ ወንበር ስበሽ ተቀመጪ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ያለውን ሁሉ እንዳለ አንብቢላት። እማዬ ትደነግጣለች ብለሽ ዘለሽ የምታልፊው ነገር እንዳለ ደርሼበታለሁ። አምና ሆስፒታል ተኝቼ ቀዶ ሕክምና መደረጌን ጽፌ ነበር፤ እማዬ በመልሷ ስለ ጎመን ዘር እንጂ ስለ ሆስፒታሉ አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም።

እማዬ፣ አትቆጫት። ትንሽ ነገር ነበረች፣ ድኛለሁ። እሷም ከፍቅር ነው ያደረገችው። እኔም ዘንድሮ ከፍቅር ነው ብዬ አንድ ነገር ዘለልኩና ያመጣሁትን ጣጣ ነው የምነግርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ቶልክ ነኝ። ቶልክ እዚህ አስተርጓሚ ማለት ነው። የእኛ ሰው ሐኪም ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ይደውሉልኛል፤ በሜትሮም በትራምም እደርሳለሁ። ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ሰውየው እንዲህ አለ ብለሽ አታወሪም፤ ሰውየውን ሆነሽ ነው የምትናገሪው። ባለፈው ሰኔ በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ነፍሰ ጡር ሆኜ ምጤ መጣ ብያለሁ፣ ቀትር ላይ ሽንት የከለከላቸው ሽማግሌ ሆኜ ለሐኪም ተናግሬያለሁ፣ አመሻሽ ላይ መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ሹፌር ሆኜ ጠረጴዛ ልደበድብ ምንም አልቀረኝም። ይህን ሁሉ ሰው የሆንሽ ልጅ የአንድ ሰው ሚስት መሆን እንዴት አቃተሽ እንደምትይ አውቃለሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

መሐላም አለብን፤ የሰማነውን አናወጣም። የዛሬውን የምጽፍልሽ ባለ ጉዳዩ ራሱ ስለፈቀደ ነው። ስሜንም ጻፊላቸው፣ ይጸልዩልኝ ብሎኛል።

ሚኪያስ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የደሴ ልጅ። ራይስዋይክ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ አጠገቧ ባለችው ዴንሃግ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋል። የሚካኤል ማኅበራችን አባል ነው። ድምፁ የተባረከ ስለሆነ መዝሙር ሊጀመር ሲል ሁሉም ዓይን ወደ እሱ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሰሞን፣ እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ዴንሃግ ትራም ፌርማታ ላይ አንድ ሆላንዳዊ ጓደኛውን አቅፎ ተሰናበተው። ትራሙ ጓደኛውን ይዞ እንደሄደ ሁለት ጎረምሶች መጡበት። ሁለት ጥርሱን አወለቁት፣ ጎኑን በእርግጫ ሰባበሩት። ሰው ሲሰበሰብ ሮጡ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሊሰጥ ቶልክ ሲጠራ እኔ ደረሰኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ፊቱ ተለዋወጠ። አስቢው፤ ከማኅበሩ አንዷ፣ ጽዋ የምታቀብለው ሴትዮ። ሌላ ሰው ይምጣልኝ ማለት መብቱ ነበር፤ አላለም። ያበጠ አፉን በመሐረብ ይዞ ቁጭ አለ።

ፖሊሷ ረጋ ያለች ሴት ናት። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ለብሰው ነበር ብላ ጠየቀች፤ እኔም እሱን ሆኜ መለስኩ። ከዚያ ለምን የመቱህ ይመስልሃል አለችው። ሚኪያስ ቀና ብሎ ያየው እሷን አይደለም፤ እኔን ነው። ከወንድ ጋር የምትሆን ወንድ ነህ እያሉ ነበር የሚመቱኝ አለ፤ ስድቡን በቋንቋቸው አውቀዋለሁ፤ ደግሞም ነኝ፣ አለ።

ደግሞም ነኝ። እማዬ፣ የእኔ ሥራ እኮ ቀላል ነበር፤ ያለውን ማለት ብቻ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። ፖሊሷ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች። ምጥ ያማጥኩ ሰው፣ ሽንት የከለከለኝ ሰው፣ ሁለት ቃል አቃተኝ። ምን አልኩ መሰለሽ? ለምን እንደመቱኝ አላውቅም፣ አልኩ።

ጻፈችው።

ቃል ተሰጥቶ ሲያልቅ ከመፈረሙ በፊት ይነበባል። እሷ በሆላንድኛ አነበበች፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ያ መስመር ላይ ስደርስ እሱ ያለውን እንደተጻፈ አድርጌ ነገርኩት። እንግዲህ ሁለቴ ዋሸሁ፤ አንዴ ለእሷ አንዴ ለእሱ። ሚኪያስ ሆላንድኛው ገና ስለሆነ አልነቃም፤ ፈረመ። ስንወጣ ደጃፉ ላይ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳትሸማቀቂ ስለተናገርሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለኝ። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም፤ መውረጃዬን ሁለት ጣቢያ አልፌ ነው የነቃሁት።

ለእሱ ብዬ ነው፣ ወረቀት ላይ ከሚሰፍርበት ይሻለዋል፣ ዛሬ ቢናደድ ነገ ያመሰግነኛል እያልኩ ሦስት ሳምንት ራሴን ደለልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ጠበቃ ነው!

ጥቅምት አጋማሽ ላይ እውነተኛዋ ጠበቃ ደወለችልኝ። ጎረምሶቹ ተይዘዋል። ቀድሞ የገፋን እሱ ነው፣ በትራም ግፊያ የተነሣ ጠብ ነው ብለዋል። ሚኪያስ ደግሞ በሌላ ቶልክ አማካይነት ለጠበቃዋ ምክንያቱን ሲነግራት ነገሩ ተጋጨ። የመጀመሪያ ቀን አላውቅም ብሎ የፈረመ ሰው ከሳምንታት በኋላ ምክንያት ይዞ ሲመጣ ማን ያምነዋል? ማን አስተማረህ ተባለ። እውነቱን የተናገረው ልጅ ውሸታም ሆኖ ቀረ፤ ጉዳዩም የሁለት ወገን ጠብ ተብሎ ሊዘጋ ነበር። ጠበቃዋ የእኔን ስም ከወረቀቱ ግርጌ አገኘችው። አልወነጀለችኝም፤ ያን ቀን የተባለውን ታስታውሻለሽ ወይ ብቻ አለችኝ።

ዴንሃግ ቢሮዋ ሄድኩ። ሚኪያስ እዚያ ተቀምጧል። ጎድሎ የነበረውን ጥርሱን አስተክሏል፤ ገና ስላልለመደው ከንፈሩን ይነካካል። ዘልዬዋለሁ፣ አልኩ። ለሁለቱም በየቋንቋቸው አልኩት። ሚኪያስ ቢጮህብኝ እንዴት በተሻለኝ። አንቺም አፈርሽብኝ? ብቻ አለኝ። አፍሬብህ አይደለም አልኩት። እና ምንድን ነው? አለኝ። መልሱስ ነበረኝ፤ አልሰጠሁትም።

ጠበቃዋ ሕጉን አስረዳችን። ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ማዋረድ፣ ጥላቻ መቀስቀስ እዚህ ድሮም ወንጀል ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ሕግ ላይ ሌላ ጨመሩበት፤ በሚወደው ሰው ምክንያት ማዋረድም እንዲሁ ወንጀል ነው አሉ። ዱላ በምንም ምክንያት ዱላ ነው፤ ግን ምክንያቱ ይህ መሆኑ ከተጻፈ ዐቃቤ ሕጉ አክብዶ ይይዘዋል። ሚኪያስ ይህ ነገር ሌላ የት አገር አለ ብሎ ጠየቀ። እሷም ኖርዌይን ጠራች፣ ዴንማርክን፣ ስዊድንን፣ አየርላንድን፤ ብዙ አይደሉም አለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በሕገ መንግሥቷ ላይ ጽፋዋለች ስትል ልጁ፣ ከአፍሪካ? ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ስለ እኛ አገር አልጠየቀም። እኔም እሱም እናውቀዋለን፤ እኛ ዘንድ የሕጉ መጽሐፍ የሚፈልገው መቺውን ሳይሆን እሱን ነው።

ከዚያ ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች። ሕጉ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በራሱ ተነሥቶ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም አለችኝ። ይዞት የሚሄደው የተጎዳው ሰው አፍ ነው፤ የዚያን ቀን የእሱ አፍ አንቺ ነበርሽ።

ሄጄ ዘለልኩ ብዬ ቃሌን ብሰጥ ነገሩ ይቃናለት ነበር። እኔ ግን ከቶልክነት እነሣለሁ፤ ወሬውም ማኅበር ውስጥ ይገባል። ልጁ ምን ቢሆን ነው? እሷስ ለእሱ ይህን ያህል የተቃጠለችው ምኗ ሆኖ ነው? ይባላል። እማዬ፣ ያስፈራኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ አቶ ወልደየስ ናቸው። ድሮ በመርከብ ሲሠሩ ኖረው ሮተርዳም ወደብ የቀሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት። ልጁ ተመቶ ሲተኛ በየሁለት ቀኑ ሾርባ ይዘውለት ራይስዋይክ ድረስ የሄዱ እሳቸው ናቸው። ምክንያቱን ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል፤ መርከበኛ ምን ያላየው አለ። ስለ ወረቀቱ ሳማክራቸው ቤቴ መጥተው፣ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም አሉኝ። የተጻፈውን ተይው፤ ቁስሉ ይድናል፣ ስም ግን አይድንም። ለእሱም ለማኅበሩም ለአንቺም ይሻላል። እኔም፣ አባባ፣ ውሸታም ተብሎ እኮ ነው የሚቀረው አልኳቸው። ውሸታም ከመባል የከፋ ስም አለ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ከክፋት አይደለም፤ ነጠላ እንደሚያለብስ ሰው ነበር የሚያወሩት። በሩን ስዘጋ ግን ተናደድኩ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። እሳቸው ያሉትን እኔ ከሳቸው ቀድሜ አድርጌዋለሁና።

እዚህ ላይ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እትዬ ወለተሥላሴን የባላቸው ወንድሞች ደብድበው ከቤታቸው ሲያስወጧቸው ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ፍርድ ቤት ሲጠራ ግን ሰፈሩ በሙሉ አላየም። ሆድ ይፍጀው ተባለ። አንቺ ብቻ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ እኔን በእጅሽ ጎትተሽ ገባሽ። ዳኛው ለእሷ ምኗ ነሽ፣ ዘመዷ ነሽ ወይ ሲልሽ፣ ዘመዷ አይደለሁም፣ ዓይን ግን አለኝ፣ አልሽ። ሰፈሩ አንድ ዓመት ሰላም አላለንም። ውኃ ስቀዳ ተራ የሚለቅልኝ አልነበረም፤ አንዲት ልጅ ብቻ እንስራዬን ታሸክመኝ ነበር። እሷን የትነበርሽ ታስታውሳታለች። እንዴት ቻልሽው ብዬ ስጠይቅሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነበር መልስሽ። ሲጠራ ግን ደጁ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያቺው ሴት ናት የተቀበለችኝ። ዘልዬዋለሁ አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ረጅም አየችኝ፤ ከዚያ አነሣችው። ለምን ዘለልሽው አለች። እማዬ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ቋንቋ የሰው ቃል ስናገር ኖሬ፣ የራሴን ልናገር ተቀምጬ አላውቅም። ፈርቼ ነው አልኩ። ምኑን? አለች። በራሴ ድምፅ መስማቱን፣ አልኩ። ጻፈችው። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ አንዳንድ ፖሊስ ይህን ያውቅበታል።

ከዚያ የዚያን ቀን ማለት የነበረብሽን አሁን በይው፣ እንደ ሥራሽ ደንብ፣ አለችኝ። እየመቱኝ እንዲህ ነህ አሉኝ፣ አልኩ። ደግሞም ነኝ፣ አልኩ። ጣሪያው አልወረደም። ውጭ ትራም ሲያልፍ ይሰማል። እሷም ለመዝገቡ ያህል ብላ፣ ይህ የሚኪያስ ቃል ነው አይደል? አለችኝ። የሚኪያስ ቃል ነው፣ አልኩ። አልዋሸሁም። ግን ሁሉንም አልተናገርኩም።

የቶልኮቹ ቢሮ ለስድስት ወር ከዝርዝሩ አወጣኝ፤ ይገባኛል። አሁን ሙሉ ቀን መጦሪያው ውስጥ ነኝ።

ወሬውም ደረሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። በዓሉ ሐሙስ ቢውልም እዚህ ሰው የሚገናኘው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14፣ ጾሙ በማግስቱ ሊገባ፣ ለሃያ አምስት ሰው ደግሼ ጠበቅሁ። ጠላ ጠምቄያለሁ፣ አምስት ዶሮ ሠርቻለሁ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ሚኪያስ መጣ። አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ በባዶ ወንበር መካከል ተቀመጠ፤ እኔ ወጥ አማስላለሁ፣ እሱ ወንበር ይቆጥራል። ልቤ የተሰበረው የዚያን ጊዜ ነው፣ አልዋሽሽም። የሰፈራችን ያ ዓመት ትዝ አለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። አቶ ወልደየስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አበባይሽ ጋር ቆመዋል፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሰባት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ነው፤ ላባቸው ይወርዳል። ገብተው ጽዋውን አነሡ፣ ጸሎት አደረሱ። አራት ሰው ሆነን እንደ ሃያ አምስት ሰው ዘመርን፤ ሚኪያስ ነው ያወጣው። ሽማግሌው በልተው ሲያበቁ፣ እኔ ይህ ነገር አልገባኝም፣ ሲገባኝም ልሞት ነው፤ የተመታ ልጅ ግን ይገባኛል፣ አሉ። ዳቦ ቆርሰው አጎረሱት። አዲሱን ጥርሱን እየሸሸ አላመጠ።

የተረፈው ዶሮ ወዴት ይሂድ? ጾሙ ነገ ነው። በማግስቱ በሁለት ድስት ተሸክሜ መጦሪያው ወሰድኩት። አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ከበርበሬው እንባዋ እየወረደ ድገሚኝ አለችኝ፤ አንቺን መሰለችኝ።

ፍርዱ ዴንሃግ ታኅሣሥ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተሰጠ። አቶ ወልደየስ ሳይጠሩ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ቃል የማያውቁትን ቋንቋ ሦስት ሰዓት አዳመጡ። የጎረምሶቹ ጠበቃ ቶልኳ ሐሳቧን የለወጠች ሴት ናት ብሎ አሳቀ። ዳኛዋ የእኔን ቃል አስነበበች፤ ፈርቼ ነው ያልኩትን ጭምር። የተቀጡትን ወራት ቆጥሬ አልጽፍልሽም፤ ሚኪያስም አልቆጠራቸውም። ዳኛዋ ፍርዱን ስትናገር የተመታበትን ምክንያት በስሙ ጠራችው፤ ዝቅ ብላ ሳይሆን ቀና ብላ። አዲሱ ቶልክ ያን ሲያዞርለት ሚኪያስ ዘወር ብሎ እኔን ፈለገኝ። ይቅር እንዳለኝ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ባለፈው እሑድ አምስተርዳም ይዞኝ ሄደ። ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ውኃው ዳር፣ ሮዝ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ እስከ ውኃው ይወርዳል። በዚህ ነገር የተገደሉና የተሰደዱ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ሰው አበባ ያኖርበታል። እሱ አንድ አበባ ለራሱ፣ አንድ ለእኔ ገዝቶ ነበር። የእኔን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ማንን እያሰብሽ ነው አለኝ። ለእናቴ ደብዳቤ የምታነብላትን ሰው፣ አልኩት። በጠበቃዋ ቢሮ፣ እና ምንድን ነው? ብሎ የጠየቀኝን ልጅ ያ መልስ በቃው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። አበባውን ድንጋዩ ላይ አኖርኩና ብርድ ስለነበረ ቶሎ ወደ ባቡሩ ሄድን።

እማዬ፣ እንግዲህ የአንቺ ጥያቄዎች። በየደብዳቤሽ ሁለት ነገር ትጠይቂኛለሽ፤ መቼ ነው የምታገቢው፤ ደግሞስ ያን የመሰለ የአስተማሪነት ሥራሽን ጥለሽ፣ የትነበርሽን ሚዜ ሆነሽ በዳርሽ በሳምንቱ፣ ምን አገኘሽና ከአገር ወጣሽ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ የትነበርሽ ትጽፋለች፤ ሁለቱም ጥያቄ በእሷ እጅ ጽሑፍ ነው የሚመጣልኝ። ባለፈው ደብዳቤ ላይ ከሁለተኛው ጥያቄ ሥር አንድ መስመር ተጽፎ ተሰርዟል። በደንብ አድርጎ ነው የተሰረዘው። በመስኮቱ ብርሃን ይዤ አየሁት፣ ገልብጬም አየሁት፤ አይነበብም። የአንቺ ቃል ይሁን የጸሐፊዋ አላውቅም። አንቺን አልጠይቅሽም።

ለሁለቱም ጥያቄሽ መልሱ አንድ ነው፤ ዛሬ ጽፌልሻለሁ። ካላገኘሽው የትነበርሽ ወደ ላይ ትመለስና ሚኪያስ ለፖሊሷ ያለውን የመጨረሻውን ሁለት ቃል ደግማ ታንብብልሽ። አንቺ ፍርድ ቤት ውስጥ ቀጥ ብለሽ የቆምሽ ሴት ነሽ፤ ትችይዋለሽ። ባትችይውም ልጅሽ ነኝ። ዳዊትሽን ስትደግሚ ስሜን ከዝርዝሩ አታውጪው፤ ከአንዱ ዝርዝር ወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ በሰላም ያገናኘን። ሚኪያስንም በጸሎትሽ አስቢው። እትዬ ወለተሥላሴን ልጄ ያኔ ያየችውን አልረሳችም በይልኝ።

የትነበርሽ፣ አንቺም እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ ቶልክ ነበርሽ። ለእማዬ ስታነብቢ እኔን ሆነሽ ነው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ስትጽፊ አትሰርዢ። ይህን ደግሞ ሁለቱ ቃላት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ ሳታደርጊ አንብቢላት፤ አንዴ ለእኔ። ደግመሽ ካነበብሽው የማን ቃል እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅሽ